«በሞቴ» ያልተባለበት ክረምት

የኔታ አጥናፉ ሠላሳ ሰባት የግሪክ ቃላት ያውቁ ነበር። በወጣትነታቸው ከመምህራቸው ጋር ኢየሩሳሌም ሄደው ሁለት ዓመት ሲቀመጡ፣ በጎረቤት ገዳም የነበረ አንድ ግሪካዊ መነኩሴ በተሰባበረ ዓረብኛ እያስረዳ ያስተማራቸው ናቸው። ከዚያ ወዲህ አርባ ዓመት አልፏል፤ አንድ ቃል አልጨመሩም፣ አንድ ቃልም አልጣሉም። ከመካነ ሰላም የግማሽ ሰዓት መንገድ ወጣ ብላ ባለችው የማርያም ደብር ግን ከሳቸው በቀር አንዱንም የሚያውቅ ስላልነበረ፣ ሰው ሁሉ የኔታ ግሪክኛን ጠንቅቀው የተማሩት ይመስለው ነበር። የኔታም ነገሩን አላስተባበሉም። ስብከት መሐል አንዷን ቃል ጣል ያደርጉና ሕዝቡ ራሱን ሲነቀንቅ ጢማቸውን ይዳብሳሉ። ደግ ሰው ነበሩ፤ ይህችን ያህል ድካም ግን ነበረባቸው።

ከሁሉ የሚወዷት «አላዞኒያ» የምትለዋን ነው። ሐዋርያው በመልእክቱ የጻፋት ቃል ናት። በእኛ ቋንቋ ትምክህት ትባላለች፤ የኔታ ግን በዚህ አይረኩም።

«የኛው ቃል ሰፊ ነው» ይሉ ነበር። «ባለው የሚኮራውንም፣ በሌለው የሚኮራውንም ባንድ ገመድ ያስራል። የግሪኩ ግን ሰውየውን ለይቶ በጣት ያሳያል። አላዞን ማለት የሌለውን አለኝ የሚል ነው። ባዶ ብልቃጥ ይዞ ገበያ ለገበያ እየዞረ፣ ለሁሉ በሽታ መድኃኒት አለኝ የሚል። ወደብ ላይ ቆሞ የሰው መርከብ እያሳየ ያቺ የኔ ናት የሚል፤ ኪሱ ቢገለበጥ ግን አምስት ሳንቲም የማይወድቅለት።»

በደብሩ መርከብ ያየ ሰው ባይኖርም ነገሩ ለሁሉም ይገባው ነበር።

በስልሳ ስድስት ክረምት ይህች ቃል ሥራ በዛባት። ዝናቡ ሁለት ዓመት ቀርቶ፣ የመጣ ጊዜም በረዶ ይዞ መጥቶ የተረፈውን ገብስ አስተኝቶት ነበር። የባሰበት የምሥራቁ ሰው ወደ ጎጃም ለመሻገር በዚሁ በኩል ወደ አባይ ይወርዳል። የኔታ ዘንድ ይማሩ የነበሩት አራት ተማሪዎችም ቢለምኑ የሚሰጣቸው አጥተው ያንኑ መንገድ ተከተሉ። ወታደሩ ሹማምንቱን እየሰበሰበ እንደሚያስር የተሰማውም ያን ጊዜ ነው። ጀብሪል የሚባል የጨውና የጋዝ ነጋዴ መካነ ሰላም ሱቁ ውስጥ ሬዲዮ ነበረው፤ አገር በረሃብ እያለቀ ለበላይ አካል «ጥጋብ ነው» ሲሉ የከረሙ ሰዎች እንደነበሩ ወሬው ከሱ ሱቅ ወጥቶ ደብሩ ድረስ ደረሰ። የኔታ በእሑዱ ተነሥተው «አላዞኒያ ይሏችኋል ይህ ነው» ብለው ሰበኩ። ሕዝቡ በጣም ወደደላቸው። እዚያ ላይ ቢያቆሙት ደግ ነበር።

ከቤተ ክርስቲያኑ ወደ ከተማ በሚያወርደው ቀጭን መንገድ ዳር የእትዬ በለጥሻቸው ቤት አለ። በለጥሻቸው ልጅ ያልወጣላት፣ ዕድሜዋ ወደ ስልሳ የተጠጋ ሴት ናት፤ ባሏ አራጌ ከሞተ ሰባት ዓመቱ ነው። ቀትር ላይ በሯን ወለል አድርጋ ትከፍትና፣ መሶቧን ከፊቷ አስቀምጣ፣ ደፉ አጠገብ ተቀምጣ ያለፈውን ሁሉ «ኑ እንብላ» ትላለች። ክርስቲያን ይለፍ እስላም፣ የምታውቀው ይለፍ የማታውቀው፣ ለሷ አንድ ነው። ከጥር እስከ ግንቦት ወደ አባይ የሚወርደው መንገደኛ ጎተራዋን እዚያችው ደፍ ላይ በልቶ ጨረሰላት። ፊቷ ሲጠቁር ያየ አንድ ሰው የለም። ሰኔ ላይ ከተማው ውስጥ መጠለያ ሲከፈት መንገደኛው በዋናው መንገድ መጉረፍ ጀመረና፣ መንገድ ከሳተ አንድ ሁለት እንግዳ በቀር በሷ በር የሚያልፉት ጎረቤቶቿ ብቻ ሆኑ።

ጎረቤት ደግሞ ይሉኝታ አለው። በደኅናው ዘመን ነገሩ እንዲህ ነበር፦ እሷ «ኑ እንብላ» ትላለች፤ ሰውየው «ይባረክ፣ አሁን በልቼ ነው የወጣሁት» ይላል። «በሞቴ» ትለዋለች። «ኧረ ጠግቤያለሁ» ይላል። «በሞቴ ስልህ» ስትለው፣ ያን ጊዜ ዱላውን ግድግዳው ላይ አስደግፎ ይገባል። ያለ «በሞቴ» የሚቀመጥ ሰው እንደ ሆዳም ይታያል፤ «በሞቴ» ሳይል የሚጋብዝ ሰውም ቤቱ ምንም እንደሌለው ይታወቅበታል። ይህን የአገሩ ሰው ሁሉ ያለ አስተማሪ ያውቀዋል።

በዚያ ዓመት ግን ከበለጥሻቸው አፍ «በሞቴ» ጠፋ። መንገደኛው ርቦት ስለነበር ሁለተኛ ግብዣ አልጠበቀም፤ እሺ ብሎ ይቀመጥ ነበር። ጎረቤት ግን ይጠብቃል። እሷ «ኑ እንብላ» ብላ ዝም ስትል፣ የመሶቧም ክዳን እንደተደፋ ሲውል፣ ሁሉም መሶቡ ባዶ መሆኑ ገባው። ማንም አልሳቀባትም። ይልቁንም እንዳትጋለጥ ብለው «ጠግቤያለሁ» ማለቱን አጠበቁት። ሆዱ ከጀርባው የተጣበቀው ሁሉ በሯ ላይ ሲደርስ የደረቀ ከንፈሩን በምላሱ ያርስና «ይባረክ፣ ጠግቤያለሁ» ብሎ ያልፋል። ከሁሉም አጥብቀው የሚሉት የኔታ ነበሩ። እራታቸው የተቀቀለ ሳማ ሆኖ ሳለ፣ ጢማቸውን እየዳበሱ «ዛሬስ ጥግብ ብያለሁ» ይሏት ነበር።

ነሐሴ ሊያልቅ አንድ ሳምንት ሲቀረው፣ ረቡዕ ቀን፣ ጀብሪል እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ የኔታ ጎጆ ድረስ መጣ።

«አፊያ ነዎት የኔታ?»

«እግዚአብሔር ይመስገን። በዚህ ጭቃ ምን እግር ጣለህ?»

«እትዬ በለጥሻቸው ልትሞት ነው።»

ተቀምጦ ነገሩን አስረዳቸው። ከደሴ እህል የጫነ መኪና መጥቷል። የእርዳታ ኮሚቴው ችግረኛ እየመዘገበ ነው፤ ምዝገባው ቅዳሜ ያበቃል። መንገዱ በጭቃ እየተቆረጠ ስለሆነ ሌላ መኪና ከመስቀል በፊት አይታሰብም። የሚመዘገበው ቤቱ ምንም እህል የሌለው ሰው ነው፤ ራሱ መቅረብ አለበት፣ የሚመሰክርለት ሽማግሌም ያስፈልገዋል። ጀብሪል ይህን ሁሉ ለበለጥሻቸው ነግሯት ነበር።

«ምን አለችህ?» አሉ የኔታ።

«‹ለሌለው ይሰጥ፤ እኔ ቤት እህል አለ› አለችኝ። ወላሂ የኔታ፣ ብድግ ስትል መቃኑን ይዛ ነው። እስከ መስቀል አትቆይም። የአባቴ ለቅሶ ጊዜ ከሩቅ የመጣውን እንግዳ ሁሉ ያበላችልኝ ሴት ናት፤ እንዴት ዝም ብዬ ልያት? እኔን አልሰማችኝም። ከነዚያ ከሚያውቋቸው ቃላት አንዱን ይበሏት።»

የኔታ ጢማቸውን ዳበሱ። «ይህ በሽታ ስም አለው» አሉ። «የሌላትን አለኝ ትላለች። መድኃኒቱም ይታወቃል። ነገ በሯ ላይ አልፋለሁ። እንብላ ትለኛለች። እሺ እላታለሁ።»

ጀብሪል ዓይኑ ፈጠጠ። «ባዶ መሶብ ሊያስከፍቷት?»

«ካልተከፈተ አትድንም። ታፍራለች፣ ታለቅሳለች፣ ከዚያ በኋላ የለኝም ማለት አያቅታትም። ቅዳሜ ይዣት እሄዳለሁ።»

«ያችን ሴት ማዋረድ ነው እኮ የኔታ።»

«ሞታ ከምትቀር አፍራ ትኑርልኝ።»

ጀብሪል ከዚህ በላይ አልተከራከረም። ሲወጣ ግን «አላህ ይድረስላት» ብሎ ነው የወጣው፤ ከረሃቡ ይሁን ከየኔታ አልተናገረም።

ሐሙስ ቀትር ላይ ዝናቡ ፋታ ሰጠ። የኔታ ቆባቸውን አስተካክለው፣ መቋሚያቸውን ይዘው ቁልቁለቱን ወረዱ። ከትናንት ጀምሮ እህል የሚባል ነገር አልቀመሱም ነበር። በሩ እንደ ሁልጊዜው ተከፍቷል። በለጥሻቸው መሶቧን ከፊቷ አድርጋ ተቀምጣለች። ጉንጯ ገብቷል፤ ነጠላዋ ግን ንጹሕ ነው፣ ደፉም ተጠርጓል።

«ኑ እንብላ፣ የኔታ» አለች።

«እሺ» አሉ።

ያልሰማች መሰለች። «ምን አሉኝ?»

«እሺ፣ እንብላ። ርቦኛል።»

«ርቦኛል» የምትለዋን አላሰቧትም ነበር፤ አምልጣቸው ወጣች። ለብዙ ወር ከአፋቸው ያልወጣች ቃል ናት።

የጠበቁት ስትደነግጥ ሊያዩ ነበር። እሷ ግን ፊቷ በራ። መቃኑን ይዛ ቀስ ብላ ተነሣች፣ አጎዛ አነጠፈችላቸው፣ ኩስኩስቱን ይዛ መጣችና እጃቸውን አስታጠበቻቸው። ውኃው ሲንቆረቆር የእጇን አንጓ አዩት፤ የሕፃን እጅ ያክላል። ነገሩን ለማራዘም ነው አሉ በሆዳቸው፣ ምስኪን፣ የምትገባበት ጠፍቷት ነው። በሰበኩት ስብከት ሁሉ እንዲህ ተጨንቀው አያውቁም።

«ይባርኩልኝ» አለች።

ተነሥተው ባዶ በመሰላቸው መሶብ ላይ መጸለይ ጀመሩ። እንጀራ የምትለዋ ቃል ላይ ሲደርሱ ዓይናቸው ክዳኑ ላይ አረፈ። ምን እያደረግሁ ነው አሉ በልባቸው። ጎተራዋን ለማያውቁት ሰው ያበላች ሴት፣ እኔ ምን ስለሆንኩ ነው ክዳኗን የማስነሣት? ጸሎቱን እንደምንም ጨረሱና «በለጥሻቸው፣ ተይው፣ ለካ ጠግቤያለሁ» ሊሏት አፋቸውን ሲከፍቱ፣ እሷ ክዳኑን አነሣችው።

መሶቡ ውስጥ አንዲት የገብስ ቂጣ ነበረች። የመዳፍ ስፋት የምታክል፣ ዳር ዳሯ የደረቀ፣ አንድ ጫፏ እንኳ ያልተቆረሰ።

በለጥሻቸው ቂጣዋን ለሁለት ከፈለች፣ ግማሿን መልሳ አስቀመጠች፣ ከቀረችው ግማሽ ቆርሳ ጨው ነካ አደረገችና አጎረሰቻቸው። ደግማ አጎረሰቻቸው። ከዚያ ለራሷ ቆረሰች። ዓይኗን ጨፍና፣ ቀስ ብላ አላመጠች፤ ስትውጥ እንባዋ ወረደ።

«ዘጠኝ ቀኗ ነው» አለች እንባዋን በነጠላዋ ጫፍ ጠርጋ። «የመጨረሻዋ ዱቄቴ ናት። እንዳትሻግት ምድጃ ዳር እያደረቅኩ።»

«ዘጠኝ ቀን ምን በላሽ?»

«ሳማ። ሳማ እህል አይደለም፣ ለብቻም ይወርዳል። እህል ግን አራጌ ቤት ከገባሁ ጀምሮ ለብቻዬ በልቼ አላውቅም፤ አሁን ልብላ ብልም ጉሮሮዬ አይውጥልኝም። አንድ ሰው እሺ እስኪለኝ ስጠብቅ ነበር። አገሩ ሁሉ ጠግቤያለሁ ይለኛል።»

«ታዲያ አመንሽን?»

«ኧረ የኔታ፣ ከንፈራችሁን አያለሁ እኮ። የጠገበ ሰው ከንፈሩ እንዲህ አይሰነጠቅም፣ ሲናገርም አያርሰውም። ግን ጠግቤያለሁ ያለኝን ሰው በምን ላስገድደው?»

«‹በሞቴ› ትይ አልነበረም?»

በጣቷ ከደጁ ማዶ ያለውን ጽድ አሳየቻቸው።

«የካቲት ላይ አንድ መንገደኛ መጣ፤ ጎልማሳ ነው። አልበላም፣ ሆዴ አይቀበልም አለኝ። እኔ የይሉኝታ መስሎኝ በሞቴ፣ በሞቴ እያልኩ አጎረስኩት። በልቶ ተነሣ። ያንን ጽድ ሳያልፍ ወደቀ። በሞቴ ያልኩት እኔ፣ የሞተው እሱ። ከዚያ ወዲህ ሞትን በአፌ አልጠራም፤ በየደጁ እየዞረ እንዴት ብዬ እጠራዋለሁ?»

የኔታ አንገታቸውን ደፉ። ነገሩ ቁልጭ ብሎ ታያቸው። እንዳትጋለጥ ብለው፣ አዝነውላት፣ ጠግበናል እያሉ ሲያልፉ የከረሙት ጎረቤቶቿ ናቸው ያስራቧት። ባዶ ነው ያሉት መሶብ አንድም ቀን ባዶ ሆኖ አያውቅም። የዚህችን ሴት እንብላ ማለት የሚያህል እውነት በሙሉ ደብሩ አልነበረም፤ የኔታ ይህን ያወቁት ቂጣዋን እያላመጡ ነው፣ እንዲህ የጣፈጣቸው እህልም አልነበረም።

«ላጋልጥሽ ነበር የመጣሁት» አሉ። «መሶቧ ባዶ ነው ብዬ። ጀብሪል ፊትም ክፉ ስም አውጥቼልሻለሁ።»

«ምን አሉኝ?»

ቃሏን ነገሯት። ትርጉሟንም፣ ባለ ብልቃጡንም፣ ባለ መርከቡንም። እስኪጨርሱ ድረስ በጥሞና አዳመጠቻቸው።

«ታዲያ የሌለኝን ምን አለኝ አልኩ?» አለች፣ በቅሬታ ሳይሆን ማወቅ ፈልጋ።

«ምንም። አንቺ አይደለሽም፣ እኔ ነኝ። ተርቤ ጠግቤያለሁ የምል፣ ሠላሳ ሰባት ቃል ይዤ ግሪክኛ አውቃለሁ የማስብል። ቃሏን ለአርባ ዓመት ለሰው ሳለካ ኖርኩ።»

«እሱን ለማወቅ ነው ኢየሩሳሌም ድረስ የሄዱት?» አለችና ፈገግ አለች። «አብሽሩ፣ የኔታ። ይችን ይጉረሱ።»

ጎረሱ። ጉርሻው ሲያልቅ ግማሿን ቂጣ ለነገ እንግዳ መሶቡ ውስጥ ከደነቻት። ቅዳሜ ምዝገባው እንደሚያበቃ ደግመው ነገሯት፤ እንደ ልጅ ለመኗት።

«እርስዎስ ተመዝግበዋል?» አለች።

«እኔ?» አሉ የኔታ። የደብሩ መምህር ከችግረኛ ጋር ይሰለፋል ብለው አስበው አያውቁም። «እኔማ አልተመዘገብኩም።»

«እንግዲያው እርስዎ ካልተመዘገቡ እኔም አልሄድም። ለብቻዬ እህል አልበላም አልኩዎት።»

ቅዳሜ የትምህርት ቤቱ ግቢ በሰው ተሞልቶ ነበር። ግማሹ የደብሩ ሰው ነው፤ በሯ ላይ ጠግቤያለሁ ሲል የከረመው ሁሉ ተሰልፏል፣ እርስ በርሱም አይተያይም። መዝጋቢው የመንግሥት ትምህርት ቤት አስተማሪ ነው፣ ምናለ የሚሉት አጥንቱ የወጣ ወጣት፤ ከጧት ጀምሮ ከወንበሩ አልተነሣም። የኔታ ከፊት፣ በለጥሻቸው ከኋላቸው፣ ሊመሰክር የመጣው ጀብሪል ከሷ ቀጥሎ ቆመዋል። ሰው የኔታን ሲያይ መንገድ ለቀቀላቸው፤ የመጡት ለምስክርነት መስሎታል። እሳቸው ግን ተራቸውን ጠበቁ።

«ቤትዎ ምን አለ፣ አባ?»

«ምንም የለኝም» አሉ፣ ሰልፉ እንዲሰማ ጮክ ብለው። ቃሏ ከወጣች በኋላ ትከሻቸው ቀለላቸውና ጨመሩበት። «ግሪክኛም አላውቅም። ሠላሳ ሰባት ቃል ብቻ ነው።»

ምናለ ቀና ብሎ አያቸው። «እሱ አይመዘገብም፣ አባ» አለና ስማቸውን ጻፈ።

ተራው የበለጥሻቸው ሆነ።

«ቤትዎ ምን አለ፣ እማማ?»

«ግማሽ ቂጣ።»

ጀብሪል ከኋላ «ያ አላህ» አለ። የምናለ እስክሪብቶ ቆመ።

«እማማ፣ እህል ያለው አይመዘገብም። መመሪያው ነው።»

«የጠየቅከኝ ያለውን ነው፣ ልጄ። እንግዳ መንገድ ላይ ቢገጥመኝ ብዬ ይዤው መጥቻለሁ» አለችና የነጠላዋን ጫፍ ፈትታ ጠረጴዛው ላይ አስቀመጠችው።

የኔታ ወደ ጠረጴዛው ጠጋ አሉ። «ምስክሯ እኔ ነኝ» አሉ። «ይህ የሷ አይደለም፣ የእንግዳ ነው። ዘጠኝ ቀን አጠገቡ ተቀምጣ ተራበች፤ አልነካችውም። የጎደለውን ግማሽ ያስቆረስኳት እኔ ነኝ። እንደ እሷ ያለ ሰው በዕድሜዬ አላየሁም። የሷን ቤት ከጠየቅከኝ ምንም የለም።»

ምናለ ቂጣዋን ብዙ ጊዜ አያት፤ ጉሮሮው ወጣ ገባ አለ። ከዚያ «በለጥሻቸው፣ ምንም» እያለ ጻፈ።

ጀብሪል ትንፋሹን ለቀቀ። የኔታ ክንዷን ይዘው ሊያወጧት ሲሉ እሷ አልተንቀሳቀሰችም። ልጁን እያየችው ነበር።

«ምሳ በላህ?» አለችው።

«በልቻለሁ፣ እማማ። ይባረክ» አለና ከንፈሩን በምላሱ አራሰ።

በለጥሻቸው ከንፈሩን አየች። ከግማሿ ቂጣ ቆረሰች። ዓይኗ አንዴ ወደ ግቢው በር፣ ወደ መንገዱ ሄዶ ተመለሰ።

«በሞቴ» አለችው።

የደብሩ ሰው ሁሉ ሰማት። የኔታ ዓይናቸው እንባ ሞላ፤ ሊሸሽጉትም አልሞከሩም።

«በሞቴ ስልህ» አለች።

ምናለ እስክሪብቶውን አስቀመጠና አፉን ከፈተ።